ለሰቆጣ ትምህርት የሚሆኑ ሁለት ስታዲየሞች

ክልላዊ ስታዲየም የሚባለው ከአንድ ክለብ መጫወቻነት አልፎ የአካባቢውን ውድድሮች፣ የአገር አቀፍ ሊግ ጨዋታዎችንና አልፎ አልፎም ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎችን እንዲያስተናግድ የተሠራ፣ ሜዳን፣ የተመልካች መቀመጫን፣ የመልበሻ ክፍሎችንና ፓውዛን በአንድ ግቢ የያዘ ስፍራ ነው። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ለሚኖር የእግር ኳስ ወዳጅ በአማራ ክልል ውስጥ በዚህ መጠን የተሠራው ቅርቡ ስታዲየም በአጎራባቹ ሰሜን ወሎ በወልድያ ሲገኝ፣ የክልሉ ትልቁ ደግሞ በባሕር ዳር ነው። በደቡብ አፍሪካና በኒውዚላንድ እንዲህ ያለው ስታዲየም እግር ኳስንና ራግቢን እያፈራረቀ ያስተናግዳል፤ በኢትዮጵያ ግን ሜዳውን ከእግር ኳስ ጋር የሚጋራው አትሌቲክስ በመሆኑ፣ 400 ሜትር የሚረዝም የመሮጫ መም ሜዳውን ስለሚከብበው ተመልካቹ ከጨዋታው ይርቃል፤ ከአንዱ ግብ ጀርባ የተቀመጠ ሰው በማዶው በኩል ጎል መቆጠሩን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ከጩኸቱ ነው።

በሼክ መሐመድ ሁሴን ዓሊ አል አሙዲ ወጪ ተሠርቶ በስማቸው የሚጠራውና ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያ ስታዲየም 25,155 መቀመጫ ሲኖረው፣ ግቢው የመዋኛ ገንዳንና የሌሎች ስፖርቶች መጫወቻዎችን ጭምር ይዟል። ይሁን እንጂ የከተማው ክለብ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ከፕሪሚየር ሊጉ ስለወረደ፣ ስታዲየሙ በተመረቀ በሁለት ዓመት ውስጥ በከፍተኛው ሊግ የሚጫወት ባለሜዳ አጣ።

ሚድሮክ ኮንስትራክሽን የገነባውና 52,000 ያህል ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የባሕር ዳር ስታዲየም የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አለው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮትዲቯርን በዚያው ውጤት የረታችበት ይኸው ሜዳ፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ካሸነፈችበት ግጥሚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ የሚጠይቀውን ደረጃ አያሟላም ተብሎ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ታገደ። ካፍ የተመልካቹን ብዛት ብቻ አይመለከትም፤ የሜዳውን ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የተቀያሪዎችን ወንበር፣ የፓውዛውን ብርሃንና የጋዜጠኞችን ስፍራ አንድ በአንድ ይመረምራል። ብሔራዊ ቡድኑም ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «በሜዳው» የተጫወተው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር፤ ከሃምሳ ሺህ ያላነሰ ሕዝብ ይይዛል የተባለ ስታዲየም ላላት አገር ይህ የሚያሳፍር ነው።

ከሁሉም ቶሎ የሚጎዳው ሜዳው ነው። ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ የሚመረጠው ሜዳ 105 ሜትር ርዝመትና 68 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ከላይ የሚታየው ሳር በአሸዋ ንብርብር ላይ የበቀለ፣ አሸዋው በጠጠር ላይ የተነጠፈ፣ ከጠጠሩም ሥር የዝናቡን ውሃ ወደ ዳር የሚያወጡ ቀዳዳማ ቱቦዎች የተቀበሩበት ነው። ይህ ሥርዓት ሲጎድል ሜዳው በክረምት ረግረግ ይሆናል፤ ሥርዓቱ ተሟልቶ አጠጪና አጫጅ ሲጎድል ደግሞ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ዝናቡ በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ የሚያልፍበት የዋግ ምድር ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ያያል፤ ስለዚህም የተፈጥሮ ሳር እዚያ የሚጸናው በቀሪዎቹ ወራት የማይነጥፍ የውሃ ምንጭ ካለው ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ ሳር ውሃ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በፀሐይ ክፉኛ ከመጋሉም በላይ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት፣ ምትኩም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

በሰቆጣ ስታዲየም ለመሥራት የሚያስብ አካል ከመቀመጫው ብዛት በፊት የውሃ ጉድጓዱን፣ የፍሳሽ ቱቦውንና የሜዳ ጠባቂውን ደመወዝ ቢያስቀድም ይበጀዋል። መቀመጫ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይጨመራል፤ በጊዜው ያልተቀበረ ቱቦ ግን በኋላ የሚገባው ሳሩ ተገፎ፣ አሸዋው ተዝቆ ነው።