የከተማ መዋቅራዊ ፕላንን በቡድን መመዘን፦ የገምጋሚዎች አለመስማማት ምን ይነግረናል?

ፊሊፕ በርክና ማሪያ ማንታ ኮንሮይ የ30 የአሜሪካ ከተሞችንና አካባቢዎችን አጠቃላይ ፕላኖች በስድስት የዘላቂነት መርሆዎች መዝነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ዘላቂነትን በስሙ ጠርተው መሠረታቸው ያደረጉት ፕላኖች፣ ይህን ካላደረጉት ጎልቶ የሚታይ ብልጫ አልነበራቸውም። እንግዲህ ፕላኑ ውስጥ ቃሉን መፈለግ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ድንጋጌ ማንን ምን እንደሚያስገድድ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የአንባቢውን ፍርድ ስለሚጠይቅ ምዘናውን ለአንድ ሰው መተው አስተማማኝ አይደለም።

የተለመደው አሠራር የሚከተለው ነው። ቡድኑ አመልካቾችን ይመርጣል፤ እያንዳንዱ አባል ፕላኑን ለብቻው አንብቦ ጉዳዩ ካልተነሣ 0፣ በማበረታቻ መልክ ከተነሣ 1፣ በግዴታ ከተደነገገ 2 ይሰጣል። በአማርኛ የተጻፈ ፕላን ሲመዘን ግን አንድ የቋንቋ ችግር ይገጥመናል። «የወንዝ ዳርቻዎች እንዲለሙ ይደረጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ትእዛዝም፣ ዕቅድም፣ ተስፋም ሊሆን ይችላል። አድራጊው አልተጠቀሰም፤ የጊዜ ገደብና በጀትም የለውም። አንዱ ገምጋሚ 2፣ ሌላው 1 ቢሰጡት የትኛውም ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀውን የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን እንውሰድ። ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ስፍራ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ግንባታ የሚለው ክፍፍል በቁጥር የተቀመጠ በመሆኑ የሥነ ምኅዳር ባለሙያ ሳያመነታ 2 ሊሰጠው ይችላል። የቤቶች ጉዳይ ተመራማሪ ግን አረንጓዴው ስፍራ ዛሬ ሰው በሰፈረበት መሬት ላይ ሲከለል ነዋሪው የት ይገባል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልስ ካላገኘ በማኅበራዊ ፍትሕ አመልካች 0 ይመዘግባል። የሁለቱ አማካይ 1 ነው፤ ይህ 1 ግን ስለ አረንጓዴው ስፍራም ሆነ ስለ ነዋሪው ምንም አይነግረንም።

የስምምነት መጠንን በመቶኛ ብቻ መግለጽም ያሳስታል። ሁለት ገምጋሚዎች 100 አመልካቾችን «አለ» ወይም «የለም» ብለው ሲመዘግቡ እያንዳንዳቸው ለ80ዎቹ «አለ» ብለዋል እንበል። በዚሁ መጠን በዕጣ ቢሞሉት እንኳ በአማካይ በ68ቱ ላይ ይስማሙ ነበር። ስለዚህ የታየው ስምምነት 80 በመቶ ቢሆንም፣ ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ባቀረበው የካፓ መለኪያ 0.375 ብቻ ነው።

በእኔ እምነት ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት ውይይት መደረግ የለበትም። ቀድሞ የተወያየ ቡድን ስምምነት ብዙውን ጊዜ የአንጋፋው አባል አስተያየት ነው፤ መምህር በተቀመጠበት የተማሪዎች ቡድን ውስጥማ ይብሳል። የመጀመሪያው ነጥብ እንዳለ ይቀመጥ፤ ልዩነት የታየባቸው ድንጋጌዎችም ከነምክንያታቸው ይመዝገቡ። ሁለት የሠለጠኑ አንባቢዎች በሁለት መንገድ የተረዱትን ድንጋጌ የወረዳ ባለሙያም እንደተረዳው ይፈጽመዋልና። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው፤ ለቀጣዩ ፕላን አርቃቂዎች ከጠቅላላ ነጥቡ ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ የልዩነት መዝገብ ነው።