የቤዝቦል ዝውውርና የላስ ቬጋስ ሕዝብ ገንዘብ

የቤዝቦል ውድድር ሲያበቃ ደጋፊው «ማን ሄደ? ማን መጣ?» እያለ ይሟገታል። በላስ ቬጋስ ግን ሙግቱ ከጨዋታ ያለፈ ነው። የኔቫዳ ሕግ አውጪዎች በ2023 ከኦክላንድ ለሚመጣው የአትሌቲክስ ቡድን ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ፈቅደዋልና።

ቡድኑ በቆጣቢነቱ የታወቀ ነው። በ2022 ማት ኦልሰንንና ማት ቻፕማንን ለሌሎች ቡድኖች ሰጥቶ በምትካቸው ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ ወጣቶችን ወሰደ። በ2024 መጨረሻ ግን ሉዊስ ሰቬሪኖን በሦስት ዓመት 67 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ልብ እንበል፤ ከሀብታም ቡድኖች የሚደርሰውን የገቢ ድርሻ ቡድኑን ለማጠናከር እንዲያውል ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር የተፈረመው ስምምነት ያስገድደዋል።

ስለዚህ የዝውውር ዜና ስንሰማ የወጣውንና የገባውን ደመወዝ እናነጻጽር። ሕዝብ ስታዲየሙን ሲያግዝ፣ ባለቤቱም ለቡድኑ ኪሱን መፍታት አለበት።