ስለ መንገደኛ የኤሌክትሪክ ስንቅ

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ ቤተ ሰቡ የሚያስብለት ስለ በሶውና ስለ ዳቦ ቆሎው፤ ስለ በቅሎው ጭነትና ስለ ውኃው ቅል ነበረ። ዛሬ ግን ለሕክምናም ሆነ ለመንግሥት ሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የአይሮፕላን ቲኬቱን፤ የሚያድርበትን ሆቴል አድራሻና የዘመዶቹን ቍጥር በእጅ ቴሌፎኑ ይዞ ይጓዛል። እንግዲህ የቴሌፎኑ ኃይል ያለቀበት እንደ ሆነ፤ እርሱ በሰው አገር እንደ ዲዳ ይሆናል፤ ድምፁን የሚጠብቁትም በቤት ሆነው ይጨነቃሉ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ስንቅ ከሌላው ስንቅ የማያንስ ሆኗል።

ይህን ስንቅ የሚሸከመው የሊቲየም ባትሪ ነው። በ1991 በአውሮጳ አቆጣጠር የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ አቀረበው፤ በ2019ም ጉድኢናፍ፤ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ የተባሉት ሊቃውንት በዚሁ ሥራ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ቻርጀርና ኃይል የሚያከማቸው ፓወር ባንክ ከዚህ በፊት ሁለት ዕቃ ነበሩ። አሁን ግን ሁለቱን በአንድ አካል ያዋሐደ ዕቃ ስለ ተገኘ፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን አስቀምጠን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ለምሳሌ የምንወስደው አንከር የተባለው ኩባንያ በ2022 ያወጣውን 733 የሚባለውን ነው። ይህ ዕቃ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ በግድግዳ ላይ ሲሰካ እስከ 65 ዋት፤ ከግድግዳ ሲነቀል ግን እስከ 30 ዋት ይሰጣል። ሦስት የገመድ መሰኪያ አለው። ማታ በሆቴል ተሰክቶ ቴሌፎኑንም ራሱንም ሲመግብ ያድራል፤ ጧት ነቅሎ ወደ ኪስ ቦርሳ መክተት ብቻ ነው። ቻርጀሩን አስታውሶ ፓወር ባንኩን መሙላት የዘነጋ መንገደኛ ብዙ ስለ ሆነ፤ የዚህ ዕቃ ትልቁ ምስጋና ይህን ዝንጋታ ማስቀረቱ ነው።

ነገር ግን በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቍጥር እንዳያታልል ሒሳቡን ማወቅ ይገባል። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። ኃይሉ ከባትሪው ወደ ቴሌፎኑ ሲተላለፍ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን፤ 5,000 የሚይዝ ቴሌፎን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ቢሞላ ነው እንጂ ሁለት ጊዜ አይሞላም። እንዲሁም 5,000 ብቻ የሚይዘው ታናሹ ዓይነት፤ እንዲህ ያለውን ቴሌፎን አንድ ጊዜ ስንኳ አይሞላም።

ጉድለቱም አለ። ክብደቱ ሁሉ በስፒናው ላይ ስለሚንጠለጠል፤ በላላ ሶኬት ላይ እየወለቀ ይወድቃል። ስፒናው የአሜሪካ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ደግሞ በእኛ አገር ክብ ቀዳዳ ሶኬት ስለማይገባ መለወጫ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ይብሳል። ስለዚህ ገመድ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ በጠረጴዛ ማሳረፍ ይሻላል። ከዚህም በላይ ባትሪ በዕድሜ ይደክማል፤ ያበጠ እንደ ሆነም ቻርጀሩ ደኅና ቢሆን ስንኳ ዕቃው በሙሉ ይጣላል እንጂ ተመልሶ አይሰካም። በሆቴል የረሳውም ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእሳት ነገር ነው። በ2025 በጃንዋሪ 28 ቀን በደቡብ ኮሪያ በጊምሄ አይሮፕላን ማረፊያ አንድ የኤር ቡሳን አይሮፕላን ሳይነሣ ተቃጠለ፤ በውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ መርማሪዎችም ምክንያቱ ፓወር ባንክ ሳይሆን እንዳልቀረ ገለጹ። በዚያው ዓመት በማርች ወር አገሪቱ ፓወር ባንክ ከራስጌ ዕቃ ማስቀመጫ እንዳይገባ ከለከለች፤ የኤሚሬትስ አየር መንገድም ከኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀምን ከለከለ። በጁን ወርም አንከር ኤ1263 የሚባለውን ሌላ ፓወር ባንኩን፤ በአሜሪካ ብቻ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ፤ ስለ እሳት አደጋ ከገዢዎች እንዲመለስ አድርጓል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ መንገደኛ ይህን ይጠብቅ። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ቢሆንም ዕቃው በሕግ ፊት ባትሪ ነውና፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ፈጽሞ አይግባ። ልኩም ያለ ልዩ ፈቃድ ከ100 ዋት ሰዓት አይለፍ። ሲሞላ በትራስና በብርድ ልብስ አይሸፈን። የአየር መንገዱን ደንብ ከመነሣት በፊት መጠየቅም ተገቢ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ለጥቂት ቀን ብቻውን ለሚጓዝ ባለ ሥልጣን ወይም ታማሚ አስታማሚ፤ የተዋሐደው ዕቃ ሸክም ያቀልላልና መልካም ነው። ልጆቹን ይዞ ለሚጓዝና ብዙ ለሚቆይ ግን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲቀር ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ይበጃል። የመንገድ ስንቅ የሚመረጠው በጌጡ ሳይሆን፤ ሰውን በደኅና አድርሶ በደኅና በመመለሱ ነውና።