በመዳብ ላይ የተሠራ የንስሐ ሌሊት

«ፔኒቴንቴ ፋየርስ» (የፔኒቴንቴዎች እሳት) አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጂን ክሎስ በ1939 እ.ኤ.አ. በመዳብ ሰሌዳ ቀርጻ ያተመችው ሥዕል ነው። በሰሜን ኒው ሜክሲኮ መንደሮች በሰሙነ ሕማማት ሌሊት የሚፈጸመውን የፔኒቴንቴዎች ሥርዓተ ንስሐ ያሳያል።

ፔኒቴንቴዎች ስፓኒሽ ተናጋሪ የካቶሊክ ምእመናን ወንድማማች ማኅበር ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካህን በአካባቢው እምብዛም ስላልነበረ፣ ጸሎት የሚመሩት፣ የታመመ የሚጠይቁትና እንደ እድር ሙታንን የሚቀብሩት እነሱ ነበሩ። ስለ ማኅበሩ ሲጻፍ ግን ብዙ ጊዜ ጀርባቸውን መግረፋቸው ብቻ ይነሣል፤ ይህ ትልቅ በደል ነው። ወደ ሌሊትና «ሞራዳ» ወደሚባለው የጸሎት ቤታቸው የገፋቸው የውጭ ሰው ነው። በ1833 የዱራንጎው ጳጳስ ዙቢሪያ አወገዟቸው፤ በ1888 ጋዜጠኛው ቻርልስ ለሚስ ሥርዓታቸውን በፎቶግራፍ አነሣ፤ ከዚያም ተመልካች በዛ። የሳንታ ፌው ሊቀ ጳጳስ በርን እውቅና የሰጧቸው በ1947 ነው።

ክሎስ በሰሜን ኒው ሜክሲኮ ወደምትገኘው ታኦስ የመጣችው በ1925 ሲሆን፣ ይዛ የመጣችውን ትንሽ ማተሚያ በሰፈረችበት ቦታ ከድንጋይ ጋር በሲሚንቶ አጣብቃ ትሠራ ነበር።

ብዙ ሰው የሥዕሉ ጨለማ በቀለም የተቀባ ይመስለዋል። ጨለማውን የሚሠራው አሲድ ነው። የዛፍ ሙጫ ዱቄት በመዳቡ ላይ ይነሰነስና በሙቀት እንዲጣበቅ ይደረጋል። አሲዱ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለውን መዳብ እየበላ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይከፍታል። በቆየ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ቀለምም አብዝቶ ይይዛል። ሰማዩ ግራጫ፣ ተራራው ጥቁር የሚሆነው በአሲዱ ቆይታ ልክ ነው። ብሩህ እንዲሆን የተፈለገው ቦታ አስቀድሞ በቫርኒሽ ይሸፈናል። አሲድ ስላልነካው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙም ሲወለወል ሙልጭ ብሎ ይለቃል። ስለዚህ የእሳቱ ነጭነት ባዶ ወረቀት ነው። በመርፌ የተጫረው መስመር ደግሞ በጠርዙ የመዳብ ሽርፍራፊ ይተዋል፤ ያ ሽርፍራፊ ቀለም ስለሚይዝ መስመሩ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ጥቁር ይሆናል። ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ሽርፍራፊው ስለሚደፈጠጥ፣ ከአንድ ሰሌዳ የሚወጣው ጥሩ ቅጂ ጥቂት ነው።

ሥዕሉን ለመጽሐፍ ሲያባዙ «እንዲታይ» ብለው ብርሃኑን የሚጨምሩ አሳታሚዎች ሥራውን ያበላሹታል። ግራጫውና ጥቁሩ ይደባለቃሉ፤ እሳቱም ጉልበቱን ያጣል። ከዚህም በላይ፣ ክሎስ ሰዎቹን አሳንሳ ስለሳለች መልካቸው አይለይም፤ ማኅበሩ ከካሜራ የተሸሸገበትን ጨለማ አክብራለች። የሚያባዛውም ሰው ያንኑ ጨለማ ሊጠብቅ ይገባል።