የአሮጌ ፒክ አፕ ተሽከርካሪዎች የኋላ ፍሬን ብልሽት፦ ምልክቶች፣ መንስኤዎችና መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሰውና ጭነት ከሚያመላልሱ ተሽከርካሪዎች መካከል ረጅም ዘመን ያገለገሉ ፒክ አፖች ይገኙበታል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ ለመውረድ ረጅም ቁልቁለት ማለፍ ግድ ይላል። በከተማ መንገድ ላይ ሳይታወቅ የቆየ የፍሬን ጉድለት በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ብልሽት አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ምልክቶቹን ለይተው ተገቢውን እርምጃ በወቅቱ እንዲወስዱ ማስቻል ነው።

የኋላ ፍሬን አሠራር

የአብዛኞቹ አሮጌ ፒክ አፖች የኋላ ፍሬን በታምቡር የሚሠራ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊት ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ትንሽ ሲሊንደር ያንቀሳቅሳል፤ ሲሊንደሩም ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች ከታምቡሩ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ያጋጥማቸዋል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞላዎች ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ። የእጅ ፍሬኑም በገመድ አማካኝነት እነዚህኑ ሸራዎች ይገፋል።

ምልክቶችና መንስኤዎቻቸው

1. ፔዳሉ ዝቅ ብሎ የሚይዝና ደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ፣ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። የእጅ ፍሬኑ ከወትሮው በላይ ከፍ ብሎ መሳቡም ይህንኑ ያመለክታል። ሸራው ገና ካላለቀ ማስተካከያውን ማጥበቅ ይበቃል።

2. ፔዳሉ ሲረገጥ የሚለሰልስ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ተረግጦ እንደተያዘ ቀስ በቀስ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ዘይት እየፈሰሰ ወይም ዋናው የፍሬን ሲሊንደር እያሳለፈ ነው። በዚህ ሁኔታ ተሽከርካሪውን ማንቀሳቀስ አይገባም።

3. በኋላ ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት ከታየ የፈሰሰውን ዘይት መለየት ያስፈልጋል። ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ወፍራምና ከባድ ሽታ ያለው ከሆነ ከአክሰሉ የወጣ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ወደ አገልግሎት መመለስ የለበትም፤ ፍሳሹ ከተጠገነ በኋላ በአዲስ ይተካል።

4. አንዱ ጎማ ከሌላው በተለየ ሁኔታ የሚግል ከሆነ ሸራው አይመለስም ማለት ነው። መንስኤው የደከመ ሞላ፣ የዛገ የእጅ ፍሬን ገመድ ወይም የተጣበቀ ሲሊንደር ሊሆን ይችላል።

5. ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ሸራው አልቆ ታምቡሩ እየተበላ ነው።

ምርመራ ሲደረግ

ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የፊት ጎማዎች በታኮ ይያዙ፤ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። ክሪክ ብቻውን አስተማማኝ ስላልሆነ ጠንካራ መደገፊያ መጨመር ግዴታ ነው። የአሮጌ ሸራ ብናኝ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር መንፋት ክልክል ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሸራ ሲቀየር የግራና የቀኙ በአንድነት ይቀየራል። የጎደለ የፍሬን ዘይት በሞተር ዘይት መተካት የላስቲክ ማሸጊያዎችን አሳብጦ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

በቁልቁለት ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ሲስብ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባት ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ በማሰብ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ እጅግ አደገኛ ነው፤ የሞተሩን የመያዝ ኃይል ያሳጣል፤ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፔዳሉን የሚያግዘው ኃይል ይቋረጣል። ፍሬኑ መድከም ከጀመረ በአስተማማኝ ቦታ ቆሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል፤ በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን ሊሰነጥቀው ይችላል። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ሸራው እስኪደርቅ ድረስ በዝግታ እየነዱ ፔዳሉን በቀስታ ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የተሽከርካሪውን ብቃት የሚያረጋግጠው ምርመራው በተደረገበት ዕለት ነው። በቀሪዎቹ ቀናት ኃላፊነቱ የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ነው። በመሆኑም ከጉዞ በፊት የፍሬን ዘይቱን መጠን መመልከት፣ ፔዳሉን ረግጦ መፈተሽና የኋላ ጎማዎችን ውስጠኛ ገጽ ማየት የዘወትር ልማድ ሊሆን ይገባል። ጉድለት የታየበት ተሽከርካሪ ተሳፋሪም ሆነ ጭነት ሳይጭን በባለሙያ ሊጠገን ይገባል።