ከሾን ሮስ የወጡ ልጆች፦ ልደትና ጉዲፈቻ በመዝገብ ሲፈለግ

ሾን ሮስ አቢ በአየርላንድ ቲፐሬሪ አውራጃ፣ ከሮስክሬ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የቀድሞ የእናቶችና ሕፃናት ማቆያ ነው። ከ1931 እስከ 1969 ያስተዳደሩት የኢየሱስና የማርያም ቅዱሳን ልቦች እህቶች የተባሉት የካቶሊክ ደናግል ነበሩ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን አየርላንድ ሳታገባ ያረገዘች ልጅ የቤተሰቧን ስም እንዳጎደፈች ትቆጠር ስለነበር፣ ወላጆቿ ወይም የሰበካው ቄስ ሆዷ ሳይገፋ ወደዚህ ይልኳታል። እዚያው ትወልዳለች፤ ከዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በልብስ አጠባውና በጽዳቱ እየሠራች ልጇን ታጠባለች። በመጨረሻ ልጁ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እርሷም ወደ መጣችበት ወይም ባሕር ተሻግራ ወደ እንግሊዝ ትሄዳለች።

ተመሳሳይ ቤቶች በመላ አገሪቱ ነበሩ። ያው ማኅበር በኮርክ ቤስቦሮን፣ በዌስትሚዝ ካስልፖላርድን ያስተዳድር ነበር። ቤስቦሮ የተዘጋው በ1998 ነው፤ ሩቅ ዘመን አይደለም። በ2015 የተቋቋመው የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን 18 ተቋማትን ፈትሾ በጥር 2021 ባወጣው ሪፖርት 56,000 ያህል እናቶችና 57,000 ያህል ሕፃናት በእነዚህ ቤቶች እንዳለፉ ገልጿል። ከሕፃናቱ 9,000 ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 15ቱ ሞተዋል። በሾን ሮስ ብቻ የሞቱት ከ1,000 በላይ ናቸው። ሪፖርቱ በወጣ ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሆል ማርቲን በምክር ቤት ቆመው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ።

በሕይወት ያሉት ልጆች ዛሬ አብዛኞቹ ጎልማሶችና አረጋውያን ናቸው። የተወለዱበትን ስም፣ የእናታቸውን ማንነት፣ የቤተሰባቸውን የጤና ታሪክ ይፈልጋሉ። እናቶችም ልጆቻቸውን ይፈልጋሉ። ከዘገየ ደግሞ ወንድም እህትማማቾችና የልጅ ልጆች ፍለጋውን ይወርሳሉ። ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ «ወረቀት የለም» ሲባሉ ኖረዋል። ነገር ግን የሾን ሮስ ዓይነት ቤት ወረቀት ያልያዘበት ጊዜ ጥቂት ነው። የእናትየው መግቢያ ቀን ይጻፋል፤ ልደቱ በመንግሥት መዝገብ ይሰፍራል፤ ሕፃኑ በቀናት ውስጥ ስለሚጠመቅ የቤተ ክርስቲያን መዝገብም አለ፤ አውራጃው ለእናትና ለልጅ ማቆያ ይከፍል ስለነበር የሒሳብ ሰነድ ይኖራል፤ በጉዲፈቻ ከሄደ ደግሞ የአገናኙ ማኅበርና የጉዲፈቻ ቦርዱ ማህደር ይጨመራል። ከሕዝብ ዓይን የተሰወረው ልጁ ሲወለድ የነበረውን ስም ከጉዲፈቻ በኋላ ከተሰጠው ስም ጋር የሚያገናኘው ሰነድ ነው። እርሱም ቢሆን አልጠፋም፤ ሆን ተብሎ ተቆልፎበት ነበር።

ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር የሚወስነው ልጁ ከማቆያው የወጣበት መንገድ ነው። በአየርላንድ ጉዲፈቻ ሕጋዊ የሆነው በ1952 በወጣው አዋጅ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1953 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የወጡ ልጆች በቃል ስምምነት ለቤተሰብ ተሰጥተዋል፣ ወይም አውራጃው እየከፈለላቸው በገበሬ ቤት አድገዋል። ለእነዚህ የፍርድም የቦርድም ውሳኔ ስለሌለ የሚታየው የአውራጃው የክፍያ መዝገብና የትምህርት ቤት መዝገብ ነው። ከ1953 ወዲህ በሕግ ለተሰጡት «የጉዲፈቻ ልጆች መዝገብ» የተባለ ሌላ መዝገብ ተከፈተ። ልጁ ከዚህ መዝገብ የሚወጣለት ምስክር ወረቀት ላይ አሳዳጊዎቹ እንጂ የወለደችው እናት አትታይም። ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኘው ማውጫ በሬጅስትራሩ እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ውጭ አገር፣ በተለይ ወደ አሜሪካ የሄዱበት ነው። የ1952ቱ አዋጅ ከጋብቻ ውጭ የተወለደና አንድ ዓመት ያለፈው ልጅ በእናቱ ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ ይፈቅድ ነበር። እናትየው የምትፈርመው ወረቀት በልጁ ላይ ያላትን መብት ለዘለዓለም የሚያስተዋት ነው። የዱብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ጆን ቻርልስ ማክዌድ ለአሜሪካውያን አሳዳጊዎች መስፈርት አውጥተው ነበር፦ ካቶሊክ መሆን፣ ልጁን በካቶሊክ ትምህርት ቤት ማስተማር፣ ሌላው ቀርቶ መውለድ ያቆሙት ሆን ብለው አለመሆኑን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ። ስለ ልጁ አያያዝ ከሚጠየቀው ይልቅ ስለ ሃይማኖቱ የሚጠየቀው ይበዛ ነበር። ኮሚሽኑ ከመረመራቸው ቤቶች 1,638 ልጆች ወደ ውጭ እንደሄዱ ደርሶበታል፤ 1,427ቱ ወደ አሜሪካ።

የሚገርመው፣ ርቀው የሄዱት ልጆች ፍለጋ በአንድ ነገር ይቀላል። ልጁ ከአገር የሚወጣው ገና ጉዲፈቻው ሳይጸድቅ፣ ሲወለድ በወጣለት ስም በተሰጠው የአየርላንድ ፓስፖርት ነበር። ጉዲፈቻው የሚጸድቀው አሜሪካ ከደረሰ በኋላ በግዛቱ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ፓስፖርቱ በአሳዳጊዎቹ መሳቢያ ከተገኘ ስሙ ተገኘ ማለት ነው። ፓስፖርቱን የሰጠው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማህደሮችም በ1996 በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ መኖራቸው ታወቀ።

በአገር ውስጥ የቀረው ግን ስሙን ራሱ ፈልቅቆ ማግኘት ነበረበት። ለዚህ ፈላጊዎች ለዓመታት የተጠቀሙበት ዘዴ አለ። የአየርላንድ የልደት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በዱብሊን በሚገኘው ንባብ ክፍል ማውጫውን ማንም ማገላበጥ ይችላል። የ1950ዎቹ ማውጫ በሩብ ዓመት የተከፈለ ሲሆን የልጁን ስም፣ የእናቱን የልጅነት የቤተሰብ ስም፣ የተመዘገበበትን ወረዳ፣ ጥራዝና ገጽ ይዟል። በአየርላንድ ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትይዝ በጋብቻ የተወለደ ልጅ ስምና የእናቱ የልጅነት ስም አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ እናትየው ሳታገባ ወልዳለች የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። በ1958 በሾን ሮስ መወለዱን የሚያውቅ ሰው የልደት ቀኑ የወደቀበትን ሩብ ዓመትና ቀጣዩን ይዞ በሮስክሬ ወረዳ ሥር ሁለቱ ስሞች የተመሳሰሉበትን ረድፍ ሁሉ ይለቅማል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ቅጂ ገዝቶ የልደት ቀኑን ከራሱ ጋር ያስተያያል። ቅጂው ላይ የአባት ሣጥን ባዶ ከሆነና የልደት ቦታው ሾን ሮስ ከሆነ ተስፋው ይጠነክራል። ወጥመድም አለው፦ ቲፐሬሪ ራያን የሚባል ስም የበዛበት አውራጃ ስለሆነ ራያን ራያንን አግብታ የወለደችው ልጅም ከዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ጣጣ የበዛው ሕጉ ስለማይረዳ ነበር። የጉዲፈቻ ልጅ ማህደሩን ሲጠይቅ ስሞች የተደለዙበት ማጠቃለያ ይሰጠው ነበር። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወለደችን እናት የማወቅ መብት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፣ ሆኖም ከእናትየው የግል ሕይወት መብት ጋር ሊመዘን ይገባል ብሎ ወሰነ። ሚዛኑ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ወደ ምሥጢሩ እንዳዘነበለ ቆየ። ነገሩን የለወጠው የ2022ቱ የልደት መረጃና ፍለጋ አዋጅ ነው። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ 16 ዓመት የሞላው ሰው ያልተደለዘ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የልጅነትና የማቆያ መረጃውን፣ የጤና መረጃውን፣ ማህደሩ ውስጥ የተቀመጠለት ደብዳቤ ወይም ፎቶ ካለም እርሱን ይቀበላል። ማመልከቻውን የሚያስተናግዱት የአየርላንድ የጉዲፈቻ ባለሥልጣንና ቱስላ የተባለው የሕፃናትና የቤተሰብ ኤጀንሲ ናቸው። እናት «መገናኘት አልፈልግም» ብላ ካስመዘገበች አመልካቹ በስልክ ወይም በቪዲዮ አጭር ማብራሪያ ይሰጠዋል፤ መረጃው ግን አይከለከልም።

መረጃ ማግኘትና ሰው ማግኘት ለየብቻ ናቸው። ሰውን መፈለግ የሶሻል ወርከር ሥራ ነው። ከእናትየው የልጅነት ስም ተነስቶ በጋብቻ መዝገብ ያገባችበትን ስም፣ ከዚያ አድራሻዋን፣ ወይም በሞት መዝገብ ማረፏን ያጣራል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጉዳዩን በግልጽ አይጠራም፤ ባሏና ኋላ የወለደቻቸው ልጆች ምንም ላያውቁ ይችላሉና። ከዚህ ውጭ ሁለቱም ወገኖች ፍላጎታቸውን የሚያሰፍሩበት የግንኙነት መዝገብ አለ፤ ሁለቱም መገናኘት እንደሚፈልጉ ካስመዘገቡ ይነገራቸዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ባልነበረበት ጊዜ ምን ይሆን እንደነበር የፊሎሜና ሊ ታሪክ ያሳያል። በ1952 በሾን ሮስ የወለደችው ልጇ በሦስት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ማይክል ሄስ ተባለ። እርሷ እርሱን፣ እርሱም እርሷን ሲፈልጉ ሁለቱም ወደዚያው ማቆያ ሄደው ጠይቀው ነበር፤ ማንም አላገናኛቸውም። ልጇ በ1995 ሞቶ በራሱ ኑዛዜ ሾን ሮስ ተቀበረ። ታሪካቸው በ2013 ፊልም ሆኗል።

ወረቀቱ ራሱ የዋሸበት ጊዜም አለ። በማቆያዎቹ ውስጥ ሴቶቹ የሚጠሩት በተሰጣቸው የቤት ስም ስለነበር አብረው የኖሩ እናቶች ምስክርነት ከመዝገቡ ጋር ላይገጥም ይችላል። ከዚህ የከፋው የሐሰት ምዝገባ ነው፦ አሳዳጊዎቹ እንደ ወላጅ ይመዘገባሉ፣ የጉዲፈቻ ውሳኔ የሚባል ነገር አይኖርም። በ2018 መንግሥት ሴንት ፓትሪክስ ጊልድ በተባለው የዱብሊን የጉዲፈቻ ማኅበር ማህደሮች ውስጥ 126 እንዲህ ያሉ ምዝገባዎች መገኘታቸውን አስታወቀ። አንዳንዶቹ ሰዎች አሳዳጊዎቻቸው የወለዷቸው አለመሆናቸውን ራሱ ያወቁት ያኔ ነው። ለእነርሱና አባታቸውን ለሚፈልጉ የዲኤንኤ ምርመራ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው። ሁለት ሰዎች የሚጋሩት የዲኤንኤ መጠን የሚለካው ሴንቲሞርጋን በተባለ መለኪያ ሲሆን ወላጅና ልጅ 3,400 አካባቢ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች 1,700 አካባቢ፣ የአጎት ልጆች 850 አካባቢ ይጋራሉ። 1,700 ግን አጎትም አያትም ሊሆን ስለሚችል ዕድሜና አገር ሳይታይ አይደመደምም።

ለሞቱት ሕፃናት ደግሞ የሚፈለገው መቃብራቸው ነው። የአካባቢ ታሪክ አጥኚዋ ካትሪን ኮርለስ በጎልዌይ አውራጃ በቹዋም ማቆያ የሞቱ 796 ሕፃናትን የሞት ምስክር ወረቀት አሰባስባ ከመቃብር መዛግብት ጋር ስታስተያይ የቀብር ማስረጃ አጣች። በቦታው ሙሉ ቁፋሮ የተጀመረው በሐምሌ 2025 ነው፤ ከቤተሰቦችም የዲኤንኤ ናሙና ይወሰዳል። ከ900 በላይ ሕፃናት ከሞቱበት ከቤስቦሮ ደግሞ ኮሚሽኑ መቃብራቸውን ማወቅ የቻለው የ64ቱን ብቻ ነው።

በመጋቢት 2024 ለቀድሞ ነዋሪዎች የካሳ ክፍያ ተጀምሯል፤ በሕፃንነታቸው ከስድስት ወር በታች የቆዩትን ማግለሉ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ ከእናት መለየት በወር አይለካም። የልደት መረጃውን ለመጠየቅ እንዲህ ያለ የቆይታ ገደብ የለም። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ አሜሪካም ሆነ ሌላ አገር ያለ ሰው ባለበት ሆኖ ማመልከት ይችላል።