የቆርቆሮ ክዳንና የደጋ ቤት ሙቀት

በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር የምትገኘው ነፋስ መውጫ የአየር ጠባይዋን በስሟ ትናገራለች። ይህች የላይ ጋይንት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በስተምዕራቧ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይገኛል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ የአካባቢው ሌሊት ብርድ የበዛበት ነው። በመሆኑም በጋይንትና በእስቴ ደጋ ምድጃ ምግብ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ቤት ማሞቂያም ነው።

ከጊዜ ወደ ጊዜ የሣር ክዳን ቤት በቆርቆሮ ሲተካ ይታያል። ቆርቆሮ ዝናብን በሚገባ ይከላከላል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ይሁን እንጂ ከሣሩ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሙቀትን የመያዝ ችሎታ ነው። በሣሩ መካከል የታሰረው አየር ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም። ብረት በአንጻሩ ከደረቅ ሣር በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ እጥፍ ሙቀት ያስተላልፋል።

ይህን በቀላል ስሌት እንመልከት። የቤቱ ውስጥ ከውጭው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 70 ዋት ገደማ ይወጣል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የሣር ክዳን የሚወጣው ግን ከ3 እስከ 4 ዋት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በሌሊት ከጣሪያው ሥር የሚንጠባጠበው ጤዛ መነሻም ይኸው ነው።

ታዲያ መፍትሔው ቆርቆሮውን ማውረድ ነውን? አይደለም። በመኝታ ክፍሉ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ሸንበቆ ወይም ቀጭን እንጨት ደርድሮ፣ ከሥሩ በጭቃ መለሰንና ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ጭድ መነስነስ ይቻላል። በዚህ ዘዴ በጣሪያው በኩል የሚባክነው ሙቀት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው የስማዳ ቆላም ይኸው ኮርኒስ የቀን ሐሩርን ይከላከላል። ጭድ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ግን ከእሳት በላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጭስ በሚወጣበት ቤት የግድግዳውንና የጣሪያውን ክፍተት አስቀድሞ መድፈን አደገኛ ነው። ጭስ የሌለው የሚመስለው የከሰል ፍምም ቢሆን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመነጭ፣ በተዘጋ ክፍል የተኙትን ሳያነቃ ይገድላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምድጃውን ከመኝታ ክፍል መለየት፣ የጭስ መውጫ ማበጀትና የተሻሻለ ምድጃ መጠቀም ነው። በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራው የእንጀራ መጋገሪያ «ምርጥ ምድጃ» እሳቱን ከምጣዱ ሥር አፍኖ ስለሚይዝ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ሊቆጥብ ይችላል። ክፍተት የመድፈኑ ተራ ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን የአየር መግቢያ መተው ይገባል።

የቁጠባው ጥቅም ከቤት ውስጥ አያቆምም። እንጨት በተመናመነበት ደጋ ብዙ ጊዜ የሚነደው ኩበት ነው። ከምድጃ የተረፈ ኩበት ለገብስና ለድንች ማሳ ፍግ ይሆናል፤ ማገዶ የሚለቅሙ ልጆችም ለትምህርታቸው ጊዜ ያገኛሉ።

ተማሪዎች ይህን ራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ኮርኒስ ባለውና በሌለው ክፍል ቴርሞሜትር ሰቅለው ማታና ንጋት ላይ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። የሁለቱ ክፍሎች የንጋት ልዩነት፣ ጭዱ በከብቶች ፊት ከመቅረቡ በፊት ሌላ አገልግሎት ሊሰጥ እንደሚችል በቁጥር ያስረዳል።